ተጨማሪ መረጃ፦ ያነበቡትን የሚመዘግብ ፋይል

ኮተቤ ላይ ቴሌግራም የሚከፍት ተማሪ ካቆመበት መልእክት ይቀጥላል፤ የት እንዳቆመ የሚያስታውስለት አገልግሎቱ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተጠነሰሰው የውይይት መረብ በዩዝኔት ግን ይህ መዝገብ የሚቀመጠው በአንባቢው በኩል ነበር፣ ኒውስአርሲ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል። ለእያንዳንዱ የውይይት ቡድን አንድ መስመር ይመደባል፦

ኮምፕ.ላንግ.ሲ: 1-340,345
ሶክ.ካልቸር.አፍሪካን! 1-120

ሁለቱ ነጥብ አባልነትን፣ ቃለ አጋኖው መውጣትን ያሳያል። ቁጥሮቹ የተነበቡት መልእክቶች ናቸው፤ በመጀመሪያው ቡድን ከ341 እስከ 344 ያሉት ገና ይቀራሉ። የወጡበት ቡድን መስመር እንኳ አይሰረዝም፤ ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ብልህ አሠራር ነው።

ፋይሉን በእጅ ማስተካከል የፈለገ ሰው አስቀድሞ ማንበቢያውን ፕሮግራም ይዝጋ፣ ቅጂም ያስቀምጥ። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ፋይሉን እንደ አዲስ ሊጽፈውና እርማቱን ሊያጠፋው ይችላል። ከዚህ የባሰው ሰርቨር መቀየር ነው፦ እያንዳንዱ ሰርቨር ለመልእክቶች የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ አሮጌው ፋይል ዓይን ያላየውን «ተነብቧል» ሊል ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሕዝብ በተከፈተበት በ1989 ዓ.ም. ግንኙነቱ በስልክ መስመር ነበር፤ እንዲህ ባለው መስመር ዩዝኔትን ለሚያነብ ሰው ከማይፈልገው ቡድን በአንዲት ቃለ አጋኖ መውጣት ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል።