መጀመሪያ ሙዚቃው ይጥፋ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ አጭር ፊልም የሚሠሩ ተማሪዎች ኤዲቲንግ የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ ዘፈን ከመምረጥ ነው። ዘፈኑን ታይምላይኑ ላይ ያስቀምጡና ምቱን እየተከተሉ ምስሉን ይቆርጣሉ። ያደጉት የዘፈን ክሊፕ እያዩ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ክሊፕ ላይ ታሪኩን የሚሸከመው ዘፈኑ ነው፤ ምስሉ ከምት ምት ቢዘል የሚጎድል ነገር የለም። አጭር ፊልም ግን እንዲህ ያለ ተሸካሚ የለውም። ስለዚህ አብሬያቸው ስቀመጥ በቅድሚያ ሙዚቃውን አስጠፋለሁ። ከዚያ የምጠይቀው፣ በዚህች ቅጽበት ተመልካቹ ምን ይወቅ፣ ምንስ ሳያውቅ ይቆይ የሚለውን ነው።

በቅርቡ አብረን የሠራነው ፊልም ልጇን ስለምትጠብቅ እናት ነው። ልጁ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ይሠራል። መስከረም ላይ ለሚከበረው ጊፋታ ይምጣ አይምጣ አልታወቀም። ተማሪዎቹ እናትየዋን ጓሮ እንሰት ስትፍቅ፣ ልጁን ደግሞ በሐላባ በኩል በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ቀርጸው ሁለቱን አፈራርቀዋቸዋል። እናት፣ አውቶቡስ፣ እናት፣ ቦዲቲ፣ እናት፣ የዳሞታ ተራራ።

ማፈራረቅ የተፈተነ ስልት ነው። ዴቪድ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1909 በሠራው «ዘ ሎንሊ ቪላ» ውስጥ ሌቦች የከበቡትን ቤተሰብና ሊያድናቸው የሚገሰግሰውን አባት እያፈራረቀ የተመልካቹን ልብ ሰቅሏል። እዚያ ጥያቄው «በጊዜው ይደርስላቸው ይሆን?» የሚል ነው። የእኛ ፊልም ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አውቶቡሱን ያየ ተመልካች ልጁ እየመጣ መሆኑን አውቋል፤ ከዚያ በኋላ እናትየዋ ብቻዋን ትጠብቃለች፣ እኛ መጠበቅ አቁመናል። የአውቶቡሱ ቀረጻ ይውጣ ስል ዳይሬክተሯ ዝም አለች። ብዙ ገንዘብና ድካም የወጣበት ነበር። ሁለቱንም ዓይነት አቀናብረን ጎን ለጎን ካየን በኋላ ግን ያወጣችው ራሷ ናት።

የቀረው የእንሰቱ ትዕይንት ነው። እሱም እጅ፣ ፊት፣ እግር እየተባለ ተቆራርጦ ነበር። ከሰፊው ሾት ጋር ብዙ ቆየን። እናትየዋ እንሰቱን ሳንቃው ላይ በእግሯ ይዛ በቀርከሃ ትፍቃለች፤ ድምፁ ሸር፣ ሸር ይላል። ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ እጇ ይቆማል። ባጃጁ ሳይቆም ይርቃል፤ እሷም ሥራዋን ትቀጥላለች። እዚህ ላይ ካት አያስፈልግም፤ የትዕይንቱ ምት የእጇ መቆም ነው። ባጃጁን ማሳየትም አያሻም፣ ድምፁ ይበቃል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ ያበቃውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንዲያዩ የምወተውተው ለዚህ ነው። ካሜራው ከገበሬዎቹ ድካም ጋር ይቆያል፣ ዓይኑን ቶሎ አይነቅልም።

ቀናት ማለፋቸውን ለማሳየት ተማሪዎቹ ምስልን በምስል የሚያደበዝዝ ዲዞልቭ አስገብተው ነበር። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ስለነበርና ቦታውም ስላልተለወጠ ጃምፕ ካት መረጥን፤ በአንድ ካት የተፋቀው ክምር ያድጋል፣ የእናትየዋ ነጠላ ይለወጣል። ዲዞልቭ ጊዜውን ያለሰልሰዋል፤ ለእሷ ግን ቀኑ እንዲህ ለስላሳ ሆኖ አያልፍም።

ኤዲተሩ ዋልተር መርች ለአንድ ካት ካስቀመጣቸው ስድስት መመዘኛዎች ለስሜት ብቻ 51 ከመቶ ሰጥቷል፤ አምስቱ ተደምረው እንኳ አይስተካከሉትም። ትንሽ የምስል መዝለል ታየ ብለው ጥሩውን ፊት ለሚጥሉ ተማሪዎች ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ያስቸገረን መጨረሻው ነው። ፊልሙ በወላይትኛ ነው፣ የግርጌ ጽሑፉ በአማርኛ። ልጁ በር ላይ ሲቆም እናትየዋ የምትናገረው አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ፊቷ በክሎዝ-አፕ ሲታይ ተመልካቹ ቁልቁል እያነበበ ፊቷ ያመልጠዋል። ወላይትኛ የሚሰማው ያለቅሳል፣ የሚያነበው ይዘገያል። ስለዚህ ንግግሯን ከፊቷ አስቀደምነው። ምስሉ ገና ልጁ ላይ እያለ ድምፅዋ ይጀምራል፣ ጽሑፉም እዚያው ተነቦ ያልቃል። ወደ እሷ የምንቆርጠው የመጨረሻው ቃል ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያኔ ከስክሪኑ ግርጌ የሚነበብ ነገር የለም።