የንግድ ትርኢትና የአስተናጋጇ ከተማ እጅ

እንግዳ ወደ ሰው ቤት በገባ ጊዜ ደስ የሚያሰኘው የማዕዱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱን ጠባይና የእጁን ሥራ ማየቱም ጭምር ነው። የራሱን ሙያ ደብቆ በተዋሰው ዕቃ የሚያስተናግድ ሰው ለጊዜው ያማረለት ቢመስልም፥ እንግዳው ከወጣ በኋላ ያን ቤት ከሌላው ለይቶ የሚያስታውስበት ምልክት አያገኝም። ይህ ለአንድ ቤት እውነት ከሆነ፥ ነጋዴዎችን ከልዩ ልዩ አገር ጠርታ የንግድ ትርኢት ለምታደርግ ከተማ ይልቁንም እውነት ነው።

ትርኢት ከአገር ልማድ ጋር መያያዙ የቆየ ነገር ነው። በጀርመን አገር የንግድ ትርኢት «ሜሴ» ተብሎ ይጠራል፤ ይኸውም ቃል የቅዳሴ መጠሪያ ነው። በበዓል ቀን ሊያስቀድስ የተሰበሰበው ሕዝብ ከቅዳሴ በኋላ ይገበያይ ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ። የላይፕሲክ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1497 ከንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን የገበያ መብት ተቀብላ በዚሁ ሙያ በዓለም የታወቀች ሆነች። በአዲስ አበባም ታላላቆቹ ባዛሮች በእንቁጣጣሽ፥ በገናና በፋሲካ ዋዜማ መደረጋቸው ከዚሁ የራቀ አይደለም።

የአስተናጋጅ አገር እጅ ጉባኤን እንዴት እንደሚያስጌጥ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አፈወርቅ ተክሌ የሠራው የመስታወት ሥዕል 150 ሜትር ካሬ ያህል ስፋት አለው። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ድርጅታቸውን በዚያ አዳራሽ በመሠረቱ ጊዜ፥ በማን ከተማ እንደ ተቀመጡ የሚነግራቸው አልፈለጉም።

ዛሬ ግን በብዙ ትርኢቶች የሚታየው በነጭ ሰሌዳ የተከፋፈለ፥ በየትኛውም አገር ሊገኝ የሚችል አዳራሽ ነው። በመክፈቻው ቀን ቡና ይፈላል፥ ዘፈንም ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሽሮ ሜዳው ሸማኔና የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ ከደጅ ይቀራሉ። የቦታው ኪራይ የተመደበው በትልቅ ነጋዴ አቅም ነውና። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይህ ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ እንዳይመስል፥ የእጅ ሠራተኛ የተናቀበት ዘመን ረጅም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። ካህናትም የምስክሩን ድንኳን የሠራው ባስልኤል የእጅ ጥበብን ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተቀበለ ያስተምራሉ። እንግዲህ አዋጁም ትምህርቱም ካለ፥ ሸማኔውን ለመክፈቻ ቀን ጌጥ ብቻ መጥራት ክብር ሊባል አይገባም፤ ክብሩ እንደ ሌላው ነጋዴ ቦታ ተሰጥቶት ሲሸጥና ሲዋዋል ነው።

ስለዚህ ትርኢት የሚያዘጋጁ ሹማምንት ከአዳራሹ አንዱን ክፍል በአነስተኛ ኪራይ ለከተማው ባለሙያዎች ቢለዩ፥ ለእንግዶች የሚሰጠውን ስጦታ ከእነርሱ ቢገዙ፥ የሚቀርበውንም ምግብ የከተማው ባልትና ዐዋቂዎች እንዲያዘጋጁት ቢያደርጉ መልካም ነው። ደግሞም አስተርጓሚ ቢመደብ፥ የዕቃው ዋጋና ልክ፥ በወር ሊሠራ የሚቻለውም ብዛት በጽሑፍ ቢቀርብ፥ ከሩቅ የመጣው ገዢ አድንቆ ብቻ አይመለስም፤ ውል ተዋውሎ ይሄዳል። እንግዳውም አንድ ቀን ወደ ሥራው ስፍራ ተወስዶ ጥበቡን በሽመና ጕድጓድ ላይ ሲሠራ ቢያየው፥ ዋጋው ስለ ምን እንደ ከበደ ያለ ክርክር ይረዳዋል።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተለየ ንዋየ ቅድሳትና ሥርዓት ለእንግዳ መዝናኛ መቅረብ የለበትም። የከተማ መልክ የሚታየው በተከበረው ነገር ሳይሆን በሚሸጠውና በሚለወጠው ሥራ ነው።

ትርኢቱ አልቆ ሰሌዳው በተነሣ ጊዜ፥ የሸማኔው መወርወሪያ በውል የሚሠራው ሥራ ካገኘ፥ ያን ጊዜ ከተማይቱ እንግዶችዋን በእውነት አስተናገደች ይባላል።