ጋዜጠኛው ሥልጣን ሲይዝ፦ ኩርት አይስነር

ጋዜጠኛ አገር ቢመራ ምን ያደርጋል? ብዙዎቻችን «የተደበቀውን ሁሉ ይፋ ያወጣል» እንላለን። ጀርመናዊው ኩርት አይስነር ይህንኑ ሞክሯል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነለትም።

አይስነር እ.ኤ.አ. በ1867 በርሊን ውስጥ ተወለደ። በ1897 ንጉሠ ነገሥቱን የሚነካ ጽሑፍ ጽፈሃል ተብሎ የ9 ወር እስራት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ የሶሻል ዴሞክራቶች ዋና ልሳን በሆነው «ፎርቬርትስ» ጋዜጣ በአዘጋጅነት ሠራ፤ በ1905 በአቋም ልዩነት ለቀቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ መንግሥትን ደግፎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ዋና ተቃዋሚ ሆነ። በጃንዋሪ 1918 የፋብሪካ ሠራተኞችን አድማ በማስተባበሩ ታስሮ በኦክቶበር ተፈታ።

ኖቬምበር 7 ቀን 1918 ሙኒክ ላይ ከተደረገ ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ በኋላ የባየርን ንጉሥ ከተማዋን ጥሎ ሸሸ። አይስነርም ባየርንን ነጻ ግዛት ብሎ አወጀና በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። እስር ቤት ከወጣ ገና ወር አልሞላውም።

እዚህ ላይ ጋዜጠኝነቱ ብቅ አለ። በዚያው ወር፣ የባየርን ተወካዮች በ1914 ከበርሊን የላኳቸውን ምስጢራዊ ሪፖርቶች በጋዜጣ አሳተመ። ጀርመን ለጦርነቱ ያለባትን ኃላፊነት በግልጽ ካመነች፣ አሸናፊዎቹ በሰላም ድርድሩ ይራሩልናል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ችግሩ ግን ሪፖርቶቹን አሳጥሮ ማውጣቱ ነው። ከተቆረጡት ክፍሎች መካከል በርሊን ጦርነቱ ወደ ሌሎች አገሮች እንዳይስፋፋ ትፈልግ እንደነበር የሚያሳዩ ይገኙበታል። ተቃዋሚዎቹ ይህን ይዘው «ሰነድ አጭበርባሪ» አሉት፤ ክርክሩም ከሞቱ በኋላ በ1922 ፍርድ ቤት ደረሰ።

ሕዝቡም አልተከተለውም። በጃንዋሪ 1919 ምርጫ ፓርቲው ከ180 መቀመጫዎች ያገኘው 3 ብቻ ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን ሥልጣኑን ለመልቀቅ ወደ ምክር ቤት እየሄደ ሳለ አንቶን አርኮ የተባለ ወጣት መኳንንት መንገድ ላይ ተኩሶ ገደለው። ሥልጣን ላይ የቆየው ሦስት ወር ተኩል ያህል ነው። «ነጻ ግዛት» የሚለው ስም ግን ዛሬም የባየርን መጠሪያ ነው።

አይስነር የተቆረጠውን ቦታ ምልክት አድርጎ፣ ሙሉውን ሰነድ ጎን ለጎን ቢያወጣ ኖሮ ጠላቶቹ ዝም ይሉ ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን እውነተኛ ሰነድ ይዞ በአቆራረጡ ምክንያት «ዋሾ» ከመባል ይድን ነበር። እኛም ዜና ስናሳጥር የምናወጣው ዐረፍተ ነገር የአንባቢውን ፍርድ የሚለውጥ ከሆነ፣ ያ ማሳጠር ሳይሆን መደበቅ ነው።