ተጫዋቾች የሚያሻሽሏቸው የኮምፒዩተር ጨዋታዎችና ለትምህርት ሥራ ያላቸው ጠቀሜታ

ጨዋታ በተጫዋቹ እጅ ሲለዋወጥ የኖረ ነገር ነው። ገበጣ የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የጉድጓዶቹ ቁጥር፣ የጠጠሮቹ ብዛትና የአበላሉ ደንብ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ሲሄዱ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ከአገራችንና ከጎረቤት አገሮች እጅግ ብዙ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። የሰንጠረዥም ነገር እንዲሁ ነው። ጨዋታው ከውጭ የመጣ ቢሆንም፣ በአገራችን «ወረራ» የሚባል የመክፈቻ ምዕራፍ ነበረው፤ ይኸውም አንድ መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ የየራሳቸውን ጦር የሚያሰልፉበት ነው። እንዲህ ያለውን ደንብ ለመጨመር ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ ሰሌዳውም መጫወቻውም የተጫዋቹ ነበርና።

የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ደንቡ የተጻፈው በፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙም አብዛኛውን ጊዜ ለሰው እንዲነበብ ሆኖ አይሸጥም። ተጫዋቹ የሚረከበው ተሠርቶ የተዘጋ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ በተለይ በግል ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ ብዙ ጨዋታዎችን ተጫዋቾች ራሳቸው እየከፈቱ አርመዋቸዋል፣ አስፋፍተዋቸዋል፣ አንዳንዶቹንም ከመረሳት አድነዋቸዋል። ሥራው በተለምዶ «ሞዲንግ» ይባላል፤ ውጤቱን በዚህ ጽሑፍ «ማሻሻያ» እንለዋለን። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሐዋሳ ከተማ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወይም በሌላ መሰል ሠፈር የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪዎቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በጨዋታ ቤት ስለሚያሳልፉት ጊዜ ማሰቡ አይቀርም። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «ይከልከል ወይስ ይፈቀድ» በሚለው ላይ ይቆማል። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ግን የሚበልጠው ጥያቄ፣ ተማሪው ለጨዋታው ከፋይና ተመልካች ብቻ ሆኖ ይቀራል ወይስ የውስጡን አሠራር መርምሮ እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል የሚለው ነው።

የጨዋታው ሁለት ክፍሎች

አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ በግምት በሁለት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው «ሞተር» የሚባለው ነው፤ ሥዕሉን በስክሪኑ ላይ ያወጣል፣ ድምፁን ያሰማል፣ የተጫዋቹን ትእዛዝ ይቀበላል። ሁለተኛው ሞተሩ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው፤ ሥዕሎች፣ ድምፆች፣ ካርታዎች፣ እንዲሁም አንድ ወታደር ስንት ምት እንደሚችል፣ አንድ ቤት በስንት እንጨት እንደሚሠራ የሚወስኑ የቁጥር ሠንጠረዦች ናቸው። ሁለቱ ክፍሎች ተለይተው ከተቀመጡ፣ የፕሮግራም ሙያ የሌለው ሰው እንኳ ሁለተኛውን ለመለወጥ ይችላል።

ይህን መለያየት አስቀድመው በዕቅድ ከሠሩበት መካከል በ1993 የወጣው «ዱም» የተባለው ጨዋታ በሰፊው ይታወቃል። ሠሪው ኢድ ሶፍትዌር ከዚያ በፊት ባወጣው ጨዋታ ላይ ተጫዋቾች በብዙ ድካም ካርታ ሲለውጡ አይቶ ስለ ነበር፣ የዱምን ካርታ፣ ሥዕልና ድምፅ «ዋድ» በሚባል ፋይል ለብቻው አስቀመጠው። በ1997 ደግሞ የሞተሩን የፕሮግራም ጽሑፍ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ዱም ዛሬ በአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠራባቸው ልዩ ልዩ ሞተሮች ከዚያ ጽሑፍ የመነጩ ናቸው። «ካውንተር ስትራይክ» የተባለው ዕውቅ ጨዋታም በ1999 ሁለት ወጣቶች በሌላ ጨዋታ ላይ የሠሩት ማሻሻያ ነበር፤ የዋናው ጨዋታ ባለቤት ቫልቭ በ2000 ሥራውን ከነሠሪዎቹ ተረከበው።

ኢትዮጵያውያን በጨዋታው ውስጥ የገቡበት መንገድ

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ታሪክ ነው። ጨዋታው በኤንሴምብል ስቱዲዮስ ተሠርቶ በማይክሮሶፍት አማካይነት በ1999 ታተመ። ተጫዋቹ ሠራተኞች አሰማርቶ እንጨት፣ ምግብ፣ ወርቅና ድንጋይ ያከማቻል፤ ከተማ ይቆረቁራል፤ ጦር ያሰለጥናል። በ2000 አንድ ተጨማሪ ክፍል ወጣለት፤ በጠቅላላው 18 ሕዝቦች ተካተውበት ነበር። ከእነዚህ መካከል ከሰሐራ በስተ ደቡብ ካለው የአፍሪካ ክፍል አንድም አልነበረበትም። ጃፓኖች፣ ቫይኪንጎች፣ አዝቴኮችና ሌሎችም በየቋንቋቸው ሲናገሩ አክሱምም ላሊበላም በካርታው ላይ ስፍራ አላገኙም።

ከዚያ በኋላ አሳታሚው ፊቱን ወደ ሌሎች ሥራዎች አዞረ። ማይክሮሶፍት እነዚህን ጨዋታዎች በመረብ ያገናኝበት የነበረውን አገልግሎት በ2006 አቋረጠ፤ ኤንሴምብል ስቱዲዮስም በ2009 ተዘጋ። በንግድ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ የጨዋታው ዕድሜ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ያላበቃው ተጫዋቾቹ ስለ ተረከቡት ነው። ከጨዋታው ጋር አብሮ የተሸጠ የካርታና የታሪክ ማዘጋጃ መሣሪያ ስለ ነበረ፣ ሺህ ጊዜ የተሠሩና የፈረሱ የጦር ሜዳዎች በተጫዋቾች መካከል ይዘዋወሩ ነበር። የቁጥር ሠንጠረዦቹን የሚከፍት ማረሚያ አድናቂዎች ራሳቸው ሠሩ። ሌሎች ደግሞ «ዩዘርፓች» የተባለውን አዘጋጁ፤ በእርሱም ሠሪው ትቷቸው የሄዱ ስሕተቶች ታረሙ፣ ጨዋታውም በሰፋፊዎቹ ስክሪኖች ላይ እንደ ልብ የሚታይ ሆነ። የተቋረጠውን የመረብ አገልግሎት «ቩብሊ» የተባለው መገናኛ ተካው። ለዚህ ሁሉ ከአሳታሚው የተከፈለ ደመወዝ አልነበረም።

በ2012 አንድ የአድናቂዎች ቡድን «ፎርጎትን ኢምፓየርስ»፣ ማለትም የተረሱ መንግሥታት፣ በሚል ስም ሰፊ ማሻሻያ አወጣ። ጣልያኖችን፣ ስላቮችን፣ ማጃሮችን፣ ኢንካዎችንና ሕንዶችን ጨመረበት። ሥራው ከመወደዱ የተነሣ በቀጣዩ ዓመት፣ በ2013፣ በአሳታሚው ፈቃድ መደበኛ ተጨማሪ ክፍል ሆኖ ለሽያጭ ቀረበ። ይኸው ቡድን በ2015 «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» የተባለውን አወጣ፤ በውስጡም በርበሮች፣ ማሊዎች፣ ፖርቱጋሎችና ኢትዮጵያውያን ገቡ። በ2019 ለወጣው የታደሰ እትም ዋነኛ ሠሪዎች ከነበሩት አንዱም ይህ ከአድናቂዎች የተነሣ ቡድን ነው።

እንግዲህ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጨዋታ የገቡት ከመጀመሪያው እትም 16 ዓመት ዘግይተው፣ እርሱም ሙያቸውን በማሻሻያ ሥራ በተማሩ ሰዎች እጅ ነው። በጨዋታው ያሉት ኢትዮጵያውያን ትእዛዝ ሲሰጣቸው የሚመልሱት በአማርኛ ነው። ልዩ ወታደራቸው ሾተል የታጠቀ እግረኛ ነው፤ የሾተል ጥምዝ ስለት ከጋሻ ጀርባ ያለውን ጠላት ለመምታት ያመች ስለ ነበር ምርጫው የሚደነቅ ነው። የዮዲትም ታሪክ ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኖ ተሠርቷል።

የታሪክ መምህር ግን እዚህ ላይ የሚለው አይጠፋም። ዮዲት በአገራችን ትውፊት የምትታወቀው የአክሱም አጥፊ ሆና ነው፤ በጨዋታው ግን ተጫዋቹ የሚከተላት ባለ ታሪክ ናት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢው አንዲት ሴት እንደ ነገሠች ዐረቡ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል ጠቅሷል፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኑቢያው ንጉሥ ጊዮርጊስ የላከው አቤቱታም በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ከዚህ ያለፈው ሁሉ አከራካሪ ነው። ቋንቋውም ቢሆን ጥያቄ ያስነሣል፤ ዘመቻው በሚናገርበት ዘመን የጽሕፈቱ ቋንቋ ግዕዝ ነበር፤ ቀደምት ተብለው የሚታወቁት የአማርኛ ጽሑፎች ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ዐምደ ጽዮን መዝሙሮች አይቀድሙም። በጨዋታው ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው የድንጋይ መወርወሪያ መሣሪያ ብልጫ ደግሞ፣ እንደዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ከታሪክ ይልቅ ለጨዋታው ሚዛን ተብሎ የገባ ይመስላል።

እነዚህ ጉድለቶች ጨዋታውን ለመጣል ምክንያት አይሆኑም። ይልቁንም አንድ ነገር ያመለክታሉ፤ የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጨዋታ ውስጥ የሚሣለው ሥራውን ለመሥራት በተቀመጠው ሰው ዕውቀት ልክ ነው። መሣሪያው ለማንም ክፍት ነበር። የእኛ የታሪክና የቋንቋ ምሁራን፣ ተማሪዎቻችንም ጭምር፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ቢገኙ ኖሮ ዮዲት በምን መልክ ትቀርብ እንደ ነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአገራችን ጨዋታ ቤቶች የሚዘወተሩት የእግር ኳስ ጨዋታዎችም ከዚህ ወሬ ውጭ አይደሉም። ኮናሚ የሚያወጣው ጨዋታ የእንግሊዝ ክለቦችን ስም ለመጠቀም ሙሉ ፈቃድ ባልነበረው ዘመን፣ በአንዳንድ እትሞች ቼልሲ «ለንደን ኤፍ ሲ» እየተባለ ይቀርብ ነበር። ትክክለኛውን ስም፣ ማልያና የተጫዋቾች ዝርዝር የሞሉት አድናቂዎች ናቸው። አዲሱን ጨዋታ ሊሸከም የማይችል አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ልጅም በየዓመቱ የታደሰ ዝርዝር አግኝቶ ለመጫወት የበቃው በእነርሱ ሥራ ነው።

በትምህርት ቤት ምን ሊሠራ ይችላል

በ2004 የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት ያስታወሰ መምህር የዚህን ነገር ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም። ትምህርቱ አስቀድሞ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ መምህሩ ሊያቆመው፣ ሊመልሰው፣ ምሳሌውንም ተማሪው በሚያውቀው ነገር ሊለውጠው አይችልም ነበር። መሣሪያው ዘመናዊ ነበር፤ ግን ዝግ ነበር።

ለሙከራ የሚመች ክፍት ጨዋታ ከተፈለገ «ዜሮ ኤ ዲ» የተባለው አለ። በ2001 የታሰበው ለዚያው ለኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ማሻሻያ እንዲሆን ነበር፤ በኋላ ራሱን ችሎ ቆመ፤ የፕሮግራሙ ጽሑፍም በ2009 ይፋ ሆነ። የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ያለ ክፍያ ለመጫን፣ ለማባዛትና ለመለወጥ ሕጉ ይፈቅዳል። አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ መረብ ግንኙነት ይሠራል። ከሕዝቦቹ መካከል የሜሮዔ ኩሻውያን ይገኙበታል። የወታደሮቹ ጠባይ በተራ የጽሑፍ ፋይሎች ስለ ተመዘገበ፣ ተማሪው ለማንኛውም ጽሑፍ በሚጠቀምበት ማረሚያ ሊከፍታቸው ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው የሒሳብ ትምህርት ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ያህል በተወሰዱ ቁጥሮች እንየው። አንድ ጦረኛ 100 ጤንነት አለው፤ በሰከንድ 5 ጉዳት ያደርሳል። አንድ ቀስተኛ 50 ጤንነት አለው፤ በሰከንድ 4 ጉዳት ከሩቅ ያደርሳል። ጦረኛው ወደ ቀስተኛው ለመድረስ 15 ሰከንድ ቢፈጅበት በመንገድ 60 ያጣል፤ በደረሰ በ10 ሰከንድ ቀስተኛውን ይገድላል፤ በዚያው 10 ሰከንድ ግን ቀሪውን 40 ስለሚያጣ ሁለቱ አብረው ይወድቃሉ። ተማሪው ፍጥነቱን ጨምሮ መንገዱን በ12 ሰከንድ እንዲጨርስ ቢያደርገው፣ ጦረኛው 12 ጤንነት ይዞ ይተርፋል። ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ እዚህ ላይ ተማሪው ግምቱን በዓይኑ ይፈትናል፤ አንድ ቁጥር መለወጥ የጦርነቱን ሁሉ ሚዛን እንደሚያናጋም ይገነዘባል። የታሪክ መምህሩ አክሱምን እንደ አዲስ ሕዝብ እንዲያዘጋጁ ቢያዝዛቸው ደግሞ፣ ምን ይታጠቁ ነበር፣ በምን ይነግዱ ነበር፣ ምን ይገነቡ ነበር ለሚለው ከመጽሐፍ ማስረጃ ማምጣት ግድ ይሆንባቸዋል።

መጠንቀቅ የሚያስፈልግባቸው ነገሮች አሉ። ከማይታወቅ ምንጭ የተገኘ ማሻሻያ ቫይረስ ሊያስገባ ስለሚችል፣ ፋይሎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሳይመረመሩ ወደ ሌሎቹ መተላለፍ የለባቸውም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የድርሰት ሥራ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ያልፈቀደውን ጨዋታ አባዝቶ «ማሻሻያ ነው» ማለት አያስኬድም። የማሻሻያ ሠሪዎቹም ድካም የማን ነው የሚለው ገና ያልተቋጨ ጉዳይ ነው። ቫልቭና ቤተዝዳ በኤፕሪል 2015 ለ«ስካይሪም» የተሠሩ ማሻሻያዎችን በገንዘብ ማሸጥ ጀምረው፣ በተጫዋቾች ተቃውሞ ምክንያት በጥቂት ቀናት ውስጥ አቁመውታል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀረው ጉዳይ የፊደል ነው። የቀድሞዎቹ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት 256 ምልክት ብቻ በሚይዝ ሠንጠረዥ ነበር። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ሆሄያቱ፣ ቁጥሮቹና የላቲን ፊደላት ሲጨመሩ ሠንጠረዡ ይሞላና ይፈስሳል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ችግሩ በመርሕ ደረጃ ተቃልሏል፤ በተግባር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም መፈተን አለበት። ስለሆነም ለትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚገዛበት ወይም በእርዳታ በሚገኝበት ጊዜ፣ ጽሑፎቹ ከሞተሩ ተለይተው የተቀመጡ መሆናቸውን፣ መምህሩ ሊለውጣቸው ሕጋዊ መብት እንዳለውና በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ ገጽ ሳይበላሽ መታየቱን የሚጠይቁ ሦስት መስመሮች በውሉ ውስጥ ቢገቡ ብዙ ወጪ አያስከትልም። ፈተናውንም በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር፣ የትምህርት ቤቱ መምህርና ጥቂት ተማሪዎች ሊያካሂዱት ይችላሉ።