ሴባስቶፖል የሌለበት ጋፋት

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው መድፍ ቅጂ ነው፤ ዋናው ሴባስቶፖል ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ መቅደላ ላይ ቀርቷል። የተወለደበት ጋፋት ግን ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለ የገጠር ቦታ ነው። ስለ ጋፋት ሙዚየም ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው “መድፉ በሌለበት ምን ሊታይ?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የቦታውን ዋጋ ከአንድ ዕቃ ጋር ያጣብቃል። ከጋፋት የወጣው ትልቁ ነገር መድፉ ሳይሆን መድፉን ያስገኘው ሥራ ነው። የሥራ ቅርስ ደግሞ የሚጠበቀው በአፈሩ፣ በመዝገቡና በባለ እጁ ዘንድ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለው ሙዚየም የሚሰጥ ድጋፍም ከሕንፃ በፊት ከእነዚህ መጀመር አለበት።

ሥራው ምን እንደነበር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ ባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ዋልድማየርና ሳልሙለር ከእነርሱ መካከል ናቸው። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም አብረዋቸው ሠርተዋል። ሚሲዮናውያኑ መድፍ አፍስሰው አያውቁም ነበርና የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ይህ አያስገርምም። ነሐስ ለማቅለጥ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ በደንብ ካልደረቀ፣ ውስጡ የቀረችው እርጥበት የቀለጠው ነሐስ ሲነካት እንፋሎት ሆና ቅርጹን ታፈነዳዋለች። ፈሳሹ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ቀድሞ የገባው ይቀዘቅዝና ከኋላኛው ጋር ሳይዋሃድ ይቀራል። ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ያን ሁሉ ነሐስ በአንድ ጊዜ አቅልጦ ሳያቋርጡ ማፍሰስ ለምድጃው፣ ለከሰሉና ለወናፉ ምን ያህል ፈተና እንደነበር መገመት አይከብድም።

“ታዲያ የፈረንጅ ሥራ አይደለም ወይ?” የሚል ይኖራል። ፈረንጆቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እንጨቱን ቆርጦ ከሰል ያከሰለው፣ ጭቃውን የረገጠው፣ ሸክሙን ያጓጓዘው የአገሬው ሰው ነው፤ ሙያውን እንዲቀስሙ እዚያ የተመደቡ ወጣቶችም ነበሩ። ቀጥቃጭን በሚንቅ ኅብረተሰብ መካከል ቤተ መንግሥቱ ፊቱን ወደ ብረትና ነሐስ ሥራ ማዞሩ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። በእኔ ግምት ጋፋት ላይ ከንጉሡ ሥዕል በፊት የቀጥቃጩ መዶሻ ቢሰቀል ይሻላል። ግዴታውም መነገር አለበት፦ ባለ እጆቹ እንዳሻቸው ወደ አገራቸው መሄድ አይችሉም ነበር፤ በጌምድርም በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ክፉኛ ተዘርፏል። ይህን የሚደብቅ ሙዚየም የአካባቢውን አረጋዊ ማሳመን አይችልም።

ቅርሱ ከጋፋት አጥርም ያልፋል። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ተነሱ። በጉና ሥር በጋይንት አድርገው ጨጨሆን አልፈው፣ ወደ ዋድላና ደላንታ ዘልቀው መቅደላ እስኪደርሱ ከአምስት ወር በላይ ፈጀባቸው፤ በየገደሉ መንገድ እየቀደዱ ነበር የሚሄዱት። ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርም የጂዳንና የበሽሎን ገደል የወረደው በዚሁ መንገድ ነው። ጠላት እንኳ የተጠቀመበት መንገድ ከመድፉ ያላነሰ የምህንድስና ሥራ ነው፤ ስለዚህ የጋይንት ሰው በዚህ ሙዚየም እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ የጊዜው ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫን ይዞ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደርሷል፤ በ2014 ደግሞ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ጥገና በሚሻበት አገር ሙዚየም ቅንጦት አይሆንም ወይ? ትልቅ ሕንፃ ከሆነ፣ አዎ። የደሴ ነገር የሚያሳየውም ቅርስን አንድ ክፍል ውስጥ ማከማቸት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኮልብሩክዴል፣ አብርሃም ዳርቢ በ1709 እ.ኤ.አ. ብረትን በኮክ ከሰል ያቀለጠበት ምድጃ ሳይነቀል በቦታው ጣሪያ ተሠርቶለት ይጎበኛል። ለጋፋትም ቀድሞ የሚያስፈልገው ማንም አፈሩን እንዳይቆፍር የሚከልል አጥርና ደመወዙ የማይቋረጥ ጥበቃ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ የዝቃጭና የሸክላ ስባሪ የተገኘችበት ቦታ ተጽፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ የመዝገቡ ቅጂ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባም ይቀመጥ። በጋይንትና በእስቴ ያሉ ቀጥቃጮች ወናፋቸውን እንዴት እንደሚነፉና ጭቃቸውን በምን እንደሚለውሱ መቅረጽ ደግሞ ከአንድ የድምፅ መቅጃና ከጥቂት የትራንስፖርት ወጪ በላይ አይጠይቅም።