ሁለት ኩንታል ቱና ከካቦ ብላንኮ ባሕር

አንባቢ ሆይ፤ ከሱቅ የሚገዙት የቆርቆሮ ቱና በሕይወቱ ሳለ ምን ይመስል እንደ ነበረ አስበው ያውቃሉን? ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣውን ቆሮሶ የሚያህል መስሎዎት እንደ ሆነ እጅግ አሳንሰውታል። ከቱና ወገን ትልልቆቹ ከሰባ ሰንጋ ጋራ ሚዛን ላይ ቢወጡ የሚያፍሩ አይደሉም። ይህን አሣ በዘንግና በመንጠቆ ለመያዝ ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች እስከ ምድር ዳርቻ ይጓዛሉ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ) ዝናው የገነነው ሥፍራ በደቡብ አሜሪካ፥ በፔሩ ሰሜናዊ ጠረፍ የሚገኘው ካቦ ብላንኮ ነበረ።

ካቦ ብላንኮ ለዓይን የሚያስደስት አገር አይደለም። ከኋላው ዛፍ የሌለው ደረቅ ኮረብታ፥ ከፊቱ ፓሲፊክ ውቅያኖስ፥ በመካከል የአጥማጆች መንደር፤ ይኸው ነው። ሀብታሞች ከዚህ በረሃ ዳር የክለብ ቤት ሠርተው ከባሕሩ ጋራ ይታገሉ ነበር። የአባልነቱን ዋጋ አይጠይቁኝ፤ የእኔንና የእርስዎን ደመወዝ አንድ ላይ ብንደምረው ከበሩ አያሳልፈንም።

ሰዎቹን ወደዚያ የሳባቸው ምንድን ነው? ሁምቦልት የተባለው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ከደቡብ የፔሩን ጠረፍ ታክኮ ይመጣል፤ ከምድር ወገብ በኩል ደግሞ ሞቃት ውኃ ይወርዳል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በዚያ አካባቢ ነው። ነፋሱ የላዩን ውኃ ከጠረፉ ሲያርቀው የታችኛው ቀዝቃዛ ውኃ በጥልቁ የተከማቸውን ምግብ ይዞ ይወጣል። ይህ ለባሕር፥ ፍግ ለእርሻ እንደ ማለት ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ይበዛሉ፤ እነዚህን አንቾቬታ የሚባል ከጣት እምብዛም የማይበልጥ አሣ ይመገባል፤ አንቾቬታን ሌላው፥ ሌላውንም ቱናው ይበላል።

እስቲ ዘመኑ 1957 ነው፥ እርስዎም የክለቡ እንግዳ ነዎት እንበል። ማለዳ ሞተር ጀልባው ላይ ይወጣሉ። በስተኋላ ከወለሉ ጋራ የታሰረ ተሽከርካሪ ወንበር አለ፤ በዚያ ያስቀምጡዎትና ትከሻዎንና ወገብዎን በጠፍር ከዘንጉ ጋራ ያያይዙዎታል። ለሰዓታት ምንም የለም፤ ፀሐይ፥ የሞተር ጭስ፥ የሆድ መታወክ። ከዚያ ድንገት ክሩ እየጮኸ ይተረተራል።

ማርሊን የሚባለው አፈ ጦር አሣ ሲያዝ ወደ አየር ይዘላል፤ ለተመልካች ትርኢት ነው። ቱና ግን ቁልቁል ይወርዳል። በተለይ ዓይነ ትልቅ የሚባለው ቱና ቀን ቀን የሚውለው ብርሃን እምብዛም በማይደርስበት ጥልቅ ስለ ሆነ ወደ ጨለማው መውረድ ለእሱ ወደ ቤት መመለስ ነው። ጉልበቱስ ከየት መጣ? የብዙ አሦች ሰውነት እንደ ውኃው ይቀዘቅዛል፤ በቱና ሰውነት ግን ከጡንቻ የሚመለሰው ሞቃት ደም ወደ ጡንቻ የሚገባውን ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን እያለፈ ያሞቀዋል። እንግዲህ እርስዎ የሚጎትቱት ሞቆ የሚሠራ ሞተር ነው። ደግሞም ቆሞ አያርፍም፤ አፉን ከፍቶ ካልዋኘ ውኃው በስንጥቡ አያልፍለትምና ትንፋሽ ያጥረዋል። እርስዎ ግን ማረፍ ያምርዎታል፤ ባረፉ ቁጥር እሱም ያገግማል። ዘንጉን ወደ ላይ ይስባሉ፥ ዝቅ ሲያደርጉት ክሩን ይጠቀልላሉ፥ ደግመው ይስባሉ። በአንድ ስበት አንድ ክንድ ያህል ቢያገኙ አሣው ሲከፋው መቶ ክንድ መልሶ ይወስዳል።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ቀን ራስል ሊ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በካቦ ብላንኮ የያዙት ዓይነ ትልቅ ቱና 435 ፓውንድ መዘነ፤ ይኸውም 197 ኪሎ፥ ሁለት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አልፍሬድ ግላሴል ደግሞ በኦገስት 4 ቀን 1953 በዚሁ ባሕር 707 ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ማርሊን አውጥቶ ነበር። በ1956 ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ለፊልም የሚሆን ትልቅ አሣ ፍለጋ የመጣው ወደዚሁ ክለብ ነው።

አሁን ቢሄዱ ያ ክለብ የለም። ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በፔሩ ጠረፍ ፋብሪካዎች በብዛት ተተከሉ፤ አንቾቬታውን በመረብ ዝቀው፥ አድርቀውና ፈጭተው ለባሕር ማዶ ዶሮና አሳማ መኖ ሸጡት። በ1970 ብቻ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ተዛቀ። ትልልቆቹ አሦች ከካቦ ብላንኮ ፊት የሳሱት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፥ በ1960ዎቹ ነው። የጅረቶቹ መለዋወጥም ድርሻ ነበረው የሚሉ አሉ፤ ይሁን፤ ለእኔ ግን ማዕዱ ከተነሣ በኋላ እንግዳው የሚቆይበት ምክንያት አይታየኝም። ክለቡ ተዘጋ። በ1972 ኤል ኒኞ የሚባለው ሞቃት ውኃ ሲመጣ አንቾቬታው ራሱ ተመናመነ፤ በ1973 የተያዘው 2 ሚሊዮን ቶን እንኳ አልሞላም።

የፔሩ መንግሥት በ2024 ከካቦ ብላንኮ ፊት ያለውን ባሕር ጨምሮ በዚያ ጠረፍ አራት ሥፍራዎችን ጥብቅ አድርጎ ዐውጇል። የመንደሩ አጥማጆች ግን ከባሕሩ አልወጡም። ዛሬም በሸራ በሚነዱ ትንንሽ የእንጨት ጀልባዎች ይሄዳሉ፤ ወንበርም ጠፍርም የላቸውም፤ ክሩን በእጃቸው ይዘው ክንፈ ቢጫ የሚባለውን ቱና ይጎትታሉ።