«እሺ» ከማለቷ በፊት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምደሰተው ከልጅ ልጆቼ ጋር ስሆን ነው። ባለፈው ዓመት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምትኖረው ልጄ ዘንድ ከርሜ ነበር። የሄድኩት ለማረፍ ቢሆንም ዕድሜውን በነርስነት የጨረሰ ሰው የቤቱ ትኩሳት ቶሎ ይታወቀዋል። የዚያ ቤት ትኩሳት የ14 ዓመቷ የልጅ ልጄ «ኮንፈርሜሽን» ነበር።

ልጄ ያገባችው የኤጲስቆጳል ቤተክርስቲያን አባል የሆነ አሜሪካዊ ነው። ልጆቻቸውም የተጠመቁት እዚያ ነው። በጊዜው አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። የቤተክርስቲያኗ ስም «ኤጲስ ቆጶስ» ከሚለው ከምናውቀው ቃል የመጣ ነው፤ በጳጳሳት የምትመራ ማለት ነው። በአገራችን እህቶቿ አንግሊካን ይባላሉ። አዲስ አበባ የቅዱስ ማቴዎስ ቤተክርስቲያን አለ፣ ጋምቤላ ውስጥም ብዙ አጥቢያዎች አሏቸው።

ኮንፈርሜሽን በእኛ ቋንቋ «ማጽናት» ማለት ነው። በእኛ በኦርቶዶክሶች ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ተጠምቆ በዚያው ዕለት ሜሮን ይቀባል፣ ይቆርባል። በእነሱ ግን ሕፃኑ ከተጠመቀ በኋላ ዓመታት ያልፋሉ። ልጁ አድጎ ወላጆቹና የክርስትና አባትና እናቱ በእሱ ፈንታ የገቡትን ቃል በገዛ አፉ ያጸናል፤ ጳጳሱም እጁን ጭኖ ይጸልይለታል። እጅ የሚጭነው የግድ ጳጳስ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1607 ቨርጂኒያ ውስጥ ሲሰፍሩ ጳጳስ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው አሜሪካዊ ጳጳስ ሳሙኤል ሲበሪ የተሾመው በ1784 ሲሆን፣ ለሹመቱም ስኮትላንድ ድረስ መሄድ ነበረበት። እስከዚያ ከ170 ዓመት በላይ ሕዝቡ አገሩ ላይ ሆኖ ይህን ሥርዓት የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም።

ዝግጅቱን ስከታተል የገረመኝ ብዙ ነገር አለ። ወጣቶቹ ከመስከረም ጀምሮ እሁድ እሁድ ይማራሉ። መምህርቷ ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ ናት። ጸሎተ ሃይማኖትን፣ አሥርቱን ትእዛዛት፣ ምሥጢራትን፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ታስተምራለች። ከሁሉም በላይ የምታተኩረው በጥምቀት ቃል ኪዳኑ ላይ ነው፦ በጸሎትና በቁርባን መጽናት፣ ሲወድቁ ንስሐ መግባት፣ ወንጌልን በኑሮ መመስከር፣ ባልንጀራን መውደድ፣ ለፍትሕና ለሰው ክብር መቆም። ልጆቹ ለችግረኞች ምግብ ያድላሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከወላጅ ውጭ የሚያማክራቸው አንድ አዋቂ ይመደብላቸዋል።

ለአዲስ መጤዎች ደግሞ በሳምንቱ መካከል የማታ ትምህርት አለ። ከእነሱ መካከል ምንም እምነት ያልነበራቸው አሉ፤ ከሌላ ቤተክርስቲያን የመጡም አሉ። ያልተጠመቀ ተምሮ ይጠመቃል። ጳጳሳት ባሉት ሌላ ቤተክርስቲያን ቀድሞ የጸና ሰው ግን እንደ አዲስ አይጀምርም፤ ጳጳሱ እጁን ይዞ «ይቀበለዋል» እንጂ ሁለተኛ አያጸናውም። ሰው ይዞት የመጣውን ዋጋ አለማሳጣታቸው ደስ አሰኘኝ።

አንድ ቀን ልጅቷ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። አንድ ትልቅ ሰው መጠየቅ አለባት።

«እማማ፣ እምነትሽ የራስሽ የሆነው መቼ ነው?»

ዝም አልኩ። ጸሎተ ሃይማኖቱን በእኔ ፈንታ ያለችው የክርስትና እናቴ ናት። እኔስ መቼ አልኩት? በመጨረሻ ትዝ ያለኝ የሕፃናት ክፍል የማታ ተራ ነው። በኩፍኝ የታመመ ሕፃን እጄ ላይ ያረፈበት ሌሊት። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ስል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የማናግረው እንዳለ አውቄ ነበር። ይህን ነገርኳት። ጻፈችው። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ «እኔ እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም። ገና ዝግጁ አይደለሁም» አለች።

ነገሩ እናቷ ጆሮ ሲደርስ ቤቱ ታመሰ። እንግዳ ተጠርቷል፣ ነጭ ቀሚስ ተገዝቷል። ጳጳሱ ወደ አንድ አጥቢያ በየሳምንቱ አይመጣም፤ ሕጋቸው የሚያስገድደው ቢያንስ በሦስት ዓመት አንዴ እንዲጎበኝ ነው። «እማዬ፣ እባክሽ አንቺ ምከሪያት። እሺ ትበልና ይለቅ። ሲገባት ይገባታል» አለችኝ ልጄ።

ያኔ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ምጥ ጠንቶባት ወደ ቀዶ ጥገና ስትገባ የስምምነት ቅጹን ያስፈረምኳት እኔ ነበርኩ። ጊዜ የለም ብዬ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ሕይወቷ ተረፈ፤ ማህፀኗ ግን ወጣ። በሦስተኛው ቀን ስትሰማ «ሲስተር፣ እኔ ምን ብዬ ነው የፈረምኩት?» አለችኝ። ቅጹ ሙሉ ነበር። ፈቃዱ ግን የእሷ አልነበረም። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ይህን ታሪክ ለልጄ ነገርኳት። አልመለሰችልኝም፤ ግን በማግስቱ ሦስታችንም መምህርቷ ዘንድ ሄድን። መምህርቷ ምንም አልደነገጠችም። «ትምህርቱን የጀመርነው ‹አይ› ማለትም ይቻላል ብለን ነው። ‹አይ› ማለት የማይችል ልጅ ‹እሺ› ቢል ምን ዋጋ አለው?» አለች። ቁርባኑም እንደማይቀርባት አስረዳችን። ድሮ ሳይጸኑ መቁረብ አይቻልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ግን ለተጠመቁ ሕፃናትም ተፈቅዷል። ዝግጁ ስትሆን ደግሞ ጳጳሱ ወደሚገኝበት ሌላ አጥቢያ መሄድ ትችላለች።

የሥርዓቱ ዕለት ነጠላዬን ለብሼ ከልጅ ልጄ ጎን ቆምኩ። ስድስት ወጣቶችና ሦስት አዋቂዎች ወጡ። ጳጳሱ አንድ በአንድ እጁን ጫነባቸው። ከዚያ በፊት ግን ወደ ምእመኑ ዞሮ እነዚህን ሰዎች በክርስትና ኑሯቸው ትደግፋላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ሁሉም መለሰ፤ እኔም በአማርኛ መለስኩ።

«እማማ፣ አንቺ ምን አልሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እደግፋለሁ አልኩ።»

«ቤተክርስቲያንሽ አይደለም እኮ።»

«የጠየቀኝ ግን ገብቶኛል» አልኳት።

ውድ አንባቢያን፣ እኛም ዘንድ ልጆቻችን ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይጾማሉ። ግን ስንቶቻችን ነን ቁጭ ብለን «ይሄ ለአንተ ምንድን ነው?» ብለን የምንጠይቃቸው? መልሱ «አላውቅም» ቢሆን አትደንግጡ፤ አትቆጡም። የራሳችሁን ሌሊት ንገሯቸው። ጊዜም ስጧቸው።

ልጄ ቀሚሱን ቁምሳጥን ውስጥ ሰቅላዋለች። በዚህ መስከረም ልጅቷ ማንም ሳይነግራት ወደ ትምህርቱ ተመልሳለች። ሲደወልልኝ «ወሰንሽ ወይ?» አልላትም። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ነው የምላት።